አያ ገብሩ «ማን መጣ?» ሲሉ

ልጅ ሳለሁ ሰቆጣ ውስጥ ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ አምስት በር ነበረው። አምስተኛው ክፍል ባዶ ስለነበር ከቀሩት አራት በሮች አራት ዓይነት ቁጣ ይሰማ ነበር። የግቢው ባለቤት የአያ ገብሩ ምራት ልጇን ኃይሉን የምትገሥጸው በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ነው። ከጎጃም ተመድበው የመጡት መምህር ሚስት ልጃቸውን ሙሉቀንን ሲራገሙት እርግማናቸው ሳይቀር ዜማ ነበረው። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ልጇን ሰዓዳን ከመቆጣቷ በፊት «ያ ረብ» ብላ ትጀምራለች። የኛ ቤት ቁጣ ደግሞ ትግርኛ ነበር። አባቴ የላስታ ሰው ነው፤ የመንግሥት ሾፌር ሆኖ ዝቋላና ፃግብጂ ሲመላለስ አብዛኛውን ሳምንት ቤት ስለማይገኝ የሚቆጣኝ ሰው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷ የተወለደችው ከመረብ ማዶ ነው።

ያኔ ይህ ሁሉ የሚያስገርም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። በገበያ ዕለት ከተከዜ በኩል ፍየል እየነዱ የሚመጡት በትግርኛ ዋጋ ይጠሩና ከደጋ የወረደው አገው በኽምጣንጋ ይመልስላቸዋል፤ አማርኛው መሀል ገብቶ ያስማማቸዋል። ከተማ ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሌላ አገር ስሄድ፣ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰማበት ገበያ ውስጥ ቆሜ ሰው የጎደለ መስሎኝ ዞር ዞር ማለቴን አስታውሳለሁ።

አያ ገብሩ ቀፎ ሠሪ ነበሩ። ፀሐይ ጋራው ጀርባ ስትገባ አዲስ የተመረገ ቀፎ በፍም ላይ አጋድመው በወይራ ጭስ ያጥናሉ፤ ንብ የሚገባው ጭሱ የጠገበ ቀፎ ውስጥ ነው ይሉ ነበር። እኛ አራታችን ጭሱን እየሸሸን፣ እሱ ግን እየተከተለን፣ ዙሪያቸውን እንቀመጣለን። የዕድሜ ልክ ጭስ ዓይናቸውን አድክሞት ስለነበር ፋኖሱ የሚበራው ለኛ እንጂ ለእሳቸው አልነበረም። ስለዚህ ተረት ከመጀመራቸው በፊት «ማን መጣ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እኛም በየተራ፣ እናቶቻችን በሚቆጡን ቋንቋ፣ መጣሁ ማለት አለብን። ደንባቸው ይኸው ነው። ተረት የሚነገረው ለመጣ ሰው ነው፣ ማን እንደመጣ ሳላውቅ አፌን አልከፍትም ይላሉ። ኃይሉ በኽምጣንጋ ይመልሳል፤ ሙሉቀን «መጣሁ እኮ» ይላል፤ ሰዓዳ «አሰላሙ አለይኩም፣ መጥቻለሁ» ትላለች፤ እኔ መጨረሻ «ኣነ መጺአ» እላለሁ። ከኔ በኋላ ነው ማር ሊሰርቅ አንገቱን ቀፎ ውስጥ አስገብቶ መውጣት ያቃተው ጅብ ቀፎውን እንደተሸከመ ሠርግ ቤት የሚሄደው፤ ሠርገኛውም ባለ ዘውድ ሹም መስሎት የክብር ቦታ የሚለቅለት።

ከዚያ በሰሜን ድንበር ላይ ጦርነት ተነሣ። መጀመሪያ ሬድዮ ውስጥ ነበር፤ ቆይቶ እናቴ ፊት ላይ መጣ። ከመረብ ማዶ የተወለዱ ሰዎች በየከተማው እየተመዘገቡ ነው፣ በአውቶቡስ ተጭነው ድንበር ላይ ይጣላሉ፣ ልጆቻቸው እዚህ ይቀራሉ የሚል ወሬ ከመናኸሪያ መጣ። እውነት ይሁን ውሸት የሚነግረን አልነበረም። እናቴ ገበያ ስትወጣ አነጋገሯ እንዳያሳብቅባት በጣቷ እያመለከተች መግዛት ጀመረች። ሽንኩርት ሻጯ ዲዳ ሆንሽ ወይ ብላ ስትስቅባት እሷም አብራት ሳቀች፤ ቤት ስንገባ ግን ዘንቢሉን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በዚያው ሰሞን ነዋሪ የሚቆጥሩ ሰዎች በየቤቱ ዞሩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የትውልድ ቦታ እየጠየቁ ይጽፋሉ። የኛ ተራ ሲደርስ እናቴ ላስታ ተወለድሁ አለች፤ አባቴ ባለበት ቀን ስለነበር ቀሪውን እሱ መለሰ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። ውሸት መናገር ኃጢአት ነው ያለችኝ እሷው ነበረች። በሳምንቱ ባዶው ክፍል ተከራየ። ተከራዩ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ ማንም በቅጡ የማያውቀው ጎልማሳ ነው፤ ማታ ማታ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ሬድዮኑን ጭኑ ላይ ያደርግና ደብተር ላይ አንዳንድ ነገር ይጽፋል። ከአያ ገብሩ ፍም እስከ እሱ በርጩማ አሥር እርምጃ አይሞላም።

እናቴ አገጬን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ መጣሁ ነው የምትዪው፤ በአማርኛ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሰማሽኝ ለምለም?»

ይህንንም የነገረችኝ በአማርኛ ነው። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነበር፤ እናቴ በሌላ ሰው አፍ ስትቆጣኝ።

ያን ምሽት መሄድ አልፈለግሁም፤ መቅረቱ ደግሞ ይበልጥ ያሳብቃል ብላ ላከችኝ። ጭሱ እንደወትሮው ነበር፤ ፋኖሱም ሬድዮኑም እንደወትሮው። ኃይሉ መለሰ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ሰዓዳ መለሰች። እኔም ድምፄን አሳንሼ «እኔ መጣሁ» አልሁ።

አያ ገብሩ ፍም የሚቆሰቁሱበት እንጨት እጃቸው ላይ ቀረ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ።

የልጅ ጨዋታ መስሏቸው ይሁን፣ እውነትም ሳያውቁኝ ቀርተው ይሁን፣ ዛሬም መለየት አልችልም። ኃይሉ ወዲያው፣ ለምለም እኮ ናት አያ፣ ዛሬ ቋንቋዋን ለወጠች ብሎ ሳቀ። ሬድዮኑ ዝም አለ፤ ተከራዩ አጥፍቶት ነው ወይስ ባትሪው አልቆ፣ አላየሁም፤ ዞር ብዬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። እናቴ በኛ በር ስንጥቅ በኩል ቆማ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ የነጠላዋ ጥለት ይታየኝ ነበር። አውቶቡሱ ታየኝ። እናቴ በመስኮቱ በኩል በጣቷ እያመለከተችኝ ሲሄድ ታየኝ፤ ጥፋቱም የኔ፣ የኔ ብቻ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርሁ።

ሽማግሌው የደከመ ዓይናቸውን መጀመሪያ ሬድዮኑ ዝም ወዳለበት፣ ቀጥሎ ወደ እኛ በር መለሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬን ፈለጉና ዳሰሱት።

«ብርድ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ብርድ ድምፅዋን ለውጦባት ነው ያላወቅኋት። እስኪለቅሽ ዝም በይ ልጄ፣ አትመልሺ። እኛ እንጠብቅሻለን።»

ተረቱንም ጀመሩ። ምን እንደነበር አንድም ቃል አላስታውስም፤ ጆሮዬ ሁሉ የነበረው ከኋላዬ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሬድዮኑ እንደገና ማውራት ሲጀምር እፎይ አልሁና፣ ሳላስበው አለቀስሁ። ጭሱ ነው አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ «ማን መጣ?» ሲሉ ሦስቱ ይመልሱና እኔ ጋ ሲደርስ አያ ገብሩ አፋቸውን አይከፍቱም። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ መልስ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ፣ እንጨቱን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል። ያኔ ይህ ዝምታ ወቀሳ ይመስለኝ ነበር። እናትሽን የካድሽበት ቦታ ይኸውልሽ የሚሉኝ እየመሰለኝ አንገቴን እደፋ ነበር።

እናቴን የወሰዳት የለም። ተከራዩ በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ፤ ደብተሩ ውስጥ ምን ይጽፍ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጦርነቱ አበቃ ተባለ፤ እናቴ ግን ጣቷን እንጂ አፏን አላመነችም፣ እኔም አደግሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ክረምት እርቅ ወርዶ ከመረብ ማዶ ጋር ስልክ ሲሠራ፣ ግቢው መሀል ቆማ ከእኅቷ ጋር በትግርኛ ስትጮህ ሰማኋት፤ እንደዚያ ጮክ ያለ ድምፅ እንዳላት ረስቼው ነበር። በዚያው ሳምንት አያ ገብሩ ዘንድ ሄድሁ። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ቀፎ መሥራት ቢተዉም ልብሳቸው አሁንም ወይራ ወይራ ይላል። ኮቴዬን ሰምተው ማን መጣ አሉ።

«ኣነ መጺአ» አልኋቸው።

ትንሽ ዝም አሉ፤ ያንኑ የአንድ ትንፋሽ ያህል።

«ብርዱ ለቀቀሽ?» አሉኝ። «በጣም ዘገየ እኮ። ቦታሽን እንዳይይዙብሽ ስንት ዓመት ጠበቅሁልሽ።»

እጃቸውን ስሜ ተነሣሁ። በዓመቱ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ በሦስት ቋንቋ ተለቀሰ፤ እናቴም አፏን ሳትሸፍን በራሷ ቋንቋ አለቀሰች። እሳቸው በሄዱ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ጦርነት መጣ፤ ይኼኛው ሬድዮ ውስጥ አልቀረም፣ ሰቆጣ ድረስ ገባ፤ ሰዉም እንደገና የጎረቤቱን አነጋገር ማዳመጥ ጀመረ።

አሁን ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ቀን የምትውለው እናቴ ዘንድ ነው፤ ትግርኛውንም ቁጣውንም ከእሷው ተምራለች። ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ አዘውትሮ ይጠፋል፣ ሻማ አብርቼ ተረት ልነግራት እቀመጥና ማን መጣ እላታለሁ። እሷ ድምፅ ማሳነስ አታውቅም፤ «ኣነ መጺአ!» ስትል ጎረቤት ይሰማታል። ብርድ ነው ማለትን የተማርሁት ከደግ ሰው ነው፤ ለእሷ ግን አንድም ቀን ብያት አላውቅም። ዓይኔ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ከዚያ ይመለሳል፤ ተረቱንም እጀምራለሁ።