ባንቴ ጥይት ማባከን የተማረ ዕለት

ባንቴ መኪና ነጂ ነው። ሳዑዲ አገር፣ ሱለይማኒያ ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንደ አባቱ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ሽማግሌው ባለፈው ክረምት አረፉ። ልጆቻቸው ቤቱንም መኪናውንም ለሽያጭ አወጡና ባንቴን «የመኖሪያ ኢቃማህ ሳያልቅ ከፊል የሚሆንህ ሌላ አሠሪ ፈልግ፤ ካላገኘህ የመውጫ ኸሩጅ አስመትተን ወደ አገርህ እንሸኝሃለን» አሉት። ክፋት የለባቸውም፤ ነጂ አላስፈለጋቸውም፣ አለቀ። እሱ ግን ደብረ ወርቅ ላይ ግድግዳው ቆሞ ጣራ ያልለበሰ ቤትና ትምህርት ላይ ያሉ ሴቶች ልጆች አሉት። ባዶ እጁን እንዴት ይግባ?

ይሄኔ ነው ኸይረዲን አፉን የከፈተው። ኸይረዲን የወሎ ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ ክለብ ውስጥ ጽዳት ይሠራል። የክለቡ አሠልጣኝ፣ ጡረተኛው ወታደር አቡ ቱርኪ፣ ረዳት እንደሚፈልግ ሲሰማ «ወላሂ፣ ጠመንጃ ይዞ የተወለደ ወንድም አለኝ!» ብሎት አረፈ። እንዲህ ይባላል እንዴ? የጎጃም ሰው ሁሉ ጠመንጃ ታቅፎ የሚወለድ ይመስል! ደግነቱ ባንቴ አገሩ ሳለ ሚሊሻ ነበር፤ በደህና ቀን የተኮሰውን አይስትም።

ባንቴ ክለቡ ድረስ ሲመጣ አቡ ቱርኪ ከእግር እስከ ራሱ አየውና መነጽር የተገጠመበት ጠመንጃ አቀበለው።

«ይሄን አንድ ደንበኛ ነው የመለሰው። በመነጽሩ የሚያየው ሌላ፣ ጥይቱ የሚያርፈው ሌላ ሆኖበታል። ካስተካከልከው ወደ ክለቡ ስለምትዛወርበት ጉዳይ እናወራለን፤ ካልሆነ ግን ኸላስ።»

ባንቴ እንዲህ ያለ መነጽር ነክቶ አያውቅም። አቡ ቱርኪ አሳየው፤ አናቱ ላይ ያለው ማዞሪያ ምቱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ የጎኑ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስዳል። ይሄማ ቀላል ነው አለ ባንቴ በሆዱ። ጠመንጃውን አሸዋ የተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፎ ተኮሰ። ጥይቷ ወደ ግራ ሄደች። ማዞሪያውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ቀጣይዋ ከቀኝ ዳር አረፈች። ወደ ግራ መለሰው። የሚቀጥለው ጭራሽ ከወረቀቱ ውጪ! ጉድ ፈላ። ጠመዘዘ፣ ተኮሰ፣ ጠመዘዘ፣ ተኮሰ፤ ጥይቱ ግን የሚጫወትበት ይመስል ካሰበው በተቃራኒ ይሄዳል። ላብ በጀርባው ወረደ።

አትፍረዱበት። ባንቴ አገር ጥይት የትም አይበተንም። አባቱ በልጅነቱ አንዲት ጥይት ሲሰጡት «ከሳትካት ቤቴ እንዳትመጣ» ይሉት ነበር። አንዷ የሄደችበትን አይተህ ወዲያው ታርማለህ እንጂ፣ ለማረጋገጥ ብለህ ሌላ ማቃጠል ነውር ነው። ለዚህ ነው ቀለሃውን እንኳ መጣል አቅቶት እየለቀመ ኪሱ የሚከተው።

«አቦ፣ ሥራዬን ልትቀማኝ ነው እንዴ?» አለው ኸይረዲን መጥረጊያውን ተደግፎ።

ባንቴ አልሳቀም። ኸሩጁ ፊቱ ላይ ተደቅኖ ታየው። «ያ ዓም፣ ይሄ መነጽር ተበላሽቷል። አልቻልኩትም» አለ ወደ አቡ ቱርኪ ዞሮ።

አቡ ቱርኪ ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ቁጭ አለ። «መበላሸቱን በምን አወቅህ? እጅህ መቼ አረፈና? አሁን ሦስት ጥይት ተኩስ። ተመሳሳይ ቦታ አልም፤ ማዞሪያውን አትንካ።»

«ሳይስተካከል? በከንቱ?»

«በከንቱ። ያላ!»

በጊዮርጊስ! የመጀመሪያዋ ወደ ግራ ስትሄድ እጁ ማዞሪያውን ሊይዝ በላው። ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ሁለተኛዋ ወደ ላይ፣ ሦስተኛዋ ወደ ቀኝ ሄዱ። ባንቴ በርቀት ማያው ወረቀቱን አየ። እጁ ምንም አልነካም፤ ጥይቶቹ ግን ተበታትነዋል። እንግዲያ ሲያሳድደው የዋለው ማዞሪያ ጥፋት የለበትም። ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋገጠና መነጽሩን በመዳፉ ይዞ ወዘወዘው። ነቅነቅ አለ።

«ብሎኑ!» ብሎ ጮኸ። «ያ ዓም፣ ብሎኑ ላልቷል! በየተኩሱ መነጽሩ ራሱ ነው የሚሄደው!»

«እና ምን ትጮህብኛለህ? መፍቻው ያውልህ፤ ብቻ አታስጨንቀው።»

አጠበቀና ሦስት ተኮሰ። ሦስቱም ከመሃል ወደ ታች ዝቅ ብለው፣ ግን ተጠጋግተው አረፉ። ባንቴ በደስታ ዘሎ አቡ ቱርኪን ሊያቅፈው ቃጣው። አሁን የአናቱን ማዞሪያ ቀጭ ሲል እየቆጠረ ቀስ አድርጎ አዞረና እንደገና ሦስት ተኮሰ። ጥቁሩን መሃል ቦደሱት።

አቡ ቱርኪ አላጨበጨበም። «ተኳሽ ሞልቶኛል» አለ። «ሁሉም በየጥይቱ ሲጠመዝዝ ይውልና መነጽሩን ይረግማል። እጁን የሚሰበስብ ሰው ነው ያጣሁት። ኢቃማህን አምጣ።»

ባንቴ እጁን ኪሱ ሲያስገባ ቀለሃዎቹ ወለሉ ላይ ተንኳኩተው ተበተኑ። ኸይረዲን ሳቁን ለቀቀው። ባንቴ አፍሮ ሊለቅም ጎንበስ ሲል አቡ ቱርኪ ትከሻውን ያዘው።

«ተወው፤ እሱ የኸይረዲን ሥራ ነው። ያንተ ቦታ እዚህ ነው» አለና የተነሣበትን ወንበር ወደ እሱ ገፋው።

ባንቴ ተቀመጠ። ኢቃማውን አቀበለ፤ ቀለሃዎቹንም ለኸይረዲን ተወለት።