ቆጣሪዋና በያጁ ባሏ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ቆጣሪዋ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት እናቷ ናቸው። ልጃቸው የአየር ጥራት ላቦራቶሪ የተቀጠረች ሰሞን ጎረቤት «ምን ሥራ ያዘች?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «እኔ ምኑን አውቄው! አየር ትቆጥራለች አሉ። እኔስ ስወልዳት ደህና ነበረች» ብለው መለሱ። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ስሙም በዚያው ጸደቀላት። እሷ ግን ምንም አልከፋትም፤ እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ቆጣሪዋ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ሳቂታ ሴት ናት። ጠዋት ላቦራቶሪው ውስጥ አስቀድሞ የሚሰማው የሷ ሳቅ ነው፣ ቀጥሎ የፓምፑ ድምፅ። ሥራዋ በአየር ውስጥ ያሉ ብናኞችን የሚቆጥር፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ የምታክል መሣሪያ መንከባከብ ነው። ሌንሱን ትወለውላለች፣ ቱቦውን ታጸዳለች፣ አልኮሉን ትሞላለች፤ ከዚያ በማጣሪያ ያለፈ ንጹሕ አየር ሰጥታ ዜሮ ማንበቡን ታያለች። ዜሮ አልል ካለ ያን ቀን አያድርስ ነው! ልጇ እንዳተኮሰባት እናት ቁጭ ብድግ ስትል ትውላለች። ዜሮ ሲል ደግሞ ልቧ ቅቤ ይጠጣል።

ባሏ በያጅ ነው። ቤታቸው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና አጥር ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱም አይሰንፍም። የሚስቱን ሥራ ለብዙ ዓመት እንደ ቀልድ ነበር የሚያየው። ማታ ስትገባ «እህ፣ ዛሬስ ስንት ደረሱ? ያመለጠሽ የለም?» ይላታል። እሷም «አንድ አምልጦኝ ነበር፣ አንተ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት» ትለዋለች። በዚህ ይሳሳቃሉ። ስትበይድ ማስክ አድርግ፣ በሩን ክፈት ስትለው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

አንድ ጊዜ የላቦራቶሪው የብረት በር ማጠፊያው ተሰበረና በያጅ ተፈለገ። እሷም ባሏን ጠራችው። ሠርቶ ሲጨርስ፣ ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ ክንዱን ያዘችው።

«ና እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ለተማሪዎች ማሳያ ወደሚሆነው ክፍል አስገባችውና መብራቱን አጠፋች። ጠረጴዛው ላይ ረዥም የመስታወት ቱቦ አለ፤ በመሐሉ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ብርሃን ያልፋል። በያጁ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም። የክፍሉ አየር እየገባበት ነው። ብናኞቹ ከማነሳቸው የተነሳ ብርሃኑ ራሱ ልብ አይላቸውም፣ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል።»

«ብርሃን ያላያቸውን አንቺ በምን ዓይንሽ ትቆጥሪያቸዋለሽ?»

«አደልባቸዋለሁ!» አለችና ሳቀች።

ከዚያ እጁን ወስዳ ከቱቦው አጠገብ ያለውን ማሞቂያ አስነካችው፤ ይሞቃል። «እዚህ ጋ ከአልኮል እንፋሎት ጋር ይቀላቀላሉ። ቀጥሎ ያለው ማቀዝቀዣ ነው። በብርድ ጠዋት መስኮትን ጤዛ እንደሚይዘው፣ እንፋሎቱም በእያንዳንዱ ብናኝ ላይ ይቋጠራል። ያቺ ምንም የማታህል ነገር ጠብታ ታህላለች። ያኔ ብርሃኑ ይመታታል። አሁን ዝም ብለህ እይ» አለችና ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን ከቱቦው ጋር አገናኘች።

አረንጓዴው ክር ላይ አንድ ነጥብ ብልጭ አለ። ሌላ ተከተለ። ወዲያው ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ። ቱቦው እንዳለ ተንቦገቦገ። በያጁ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ።

«በሞቴ!» አለ በሹክሹክታ። «ፍንጣሪ ነው እኮ!»

«እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ብናኝ ናት። መሣሪያዬ ብልጭታውን ነው የሚቆጥረው።»

ሰውየው ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ ሚስቱ በዚያ ሁሉ ዓመት ያልጠበቀችውን ጥያቄ ጠየቀ። «የኔ ወርክሾፕስ? እዚያ ስንት ይኖራል?»

ደስታዋን እንዳያይባት መብራቱን ቶሎ አላበራችም።

አለቃዋን አስፈቅዳ በእረፍት ቀኗ የላቦራቶሪውን አነስተኛ፣ በእጅ የሚያዝ ቆጣሪ መሣሪያ ወርክሾፑ ይዛ ሄደች። ሥራ ሳይጀመር ቁጥሩ ከመንገዱ አየር ብዙም አይርቅም ነበር። በያጁ መነጽሩን አጥልቆ አንድ የአጥር ብረት መበየድ እንደጀመረ ግን ቁጥሩ ወደ ላይ ተምዘገዘገ። ብረቱን አስቀምጦ ጭሱ እስኪጠራ ጠበቀ።

«በቃ፣ ጠራ። አሁን ስንት ይላል?»

«እየው።»

አየው። ጭሱ ከዓይን ጠፍቷል፣ ቁጥሩ ግን እዚያው ሰማይ ላይ ነው።

«ይሄ ዕቃ ይዋሻል!»

መሣሪያውን ወደ መንገድ ይዛ ወጣች፤ ቁጥሩ ወረደ። መልሳ አስገባችው፤ ቁጥሩ እንደገና ወጣ። በያጁ ፊቱን አጨለመ። ምሳ በልተው እጁን ሲታጠብ ጠየቃት።

«ለምንድነው እስከ ዛሬ ያልነገርሽኝ?»

ሳቋ አመለጣት። «እንዴ! ስነግርህ አይደል እንዴ የኖርኩት?»

«ነግረሽኛል። አላሳየሽኝም» አለና እሱም ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ያንን ቁጥር እንደ ባላንጣ ያዘው። ከላሜራ ቁርጥራጭ ትልቅ ክዳን ቀጥቅጦ ከመበየጃው ጠረጴዛ በላይ ሰቀለ፤ ከአሮጌ ማራገቢያ ጭስ መሳቢያ ሠራለት። «ነይ ለኪ!» ብሎ ጠራት። ቁጥሩ እውነትም ወርዷል። ደረቱን መንፋት እንደጀመረ ግን ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ነጭ መጋረጃ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ከተፍ አለች። መጋረጃው ጥላሸት ጠጥቷል።

«አንተ ሰውዬ! ምን በድዬህ ነው ጭስህን የምትመግበኝ?»

የጭስ መሳቢያውን ቱቦ ያወጣው ለካስ በሷ መስኮት በኩል ኖሯል! ቆጣሪዋ «አልሸሹም ዞር አሉ» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋም ልትቆጣ መጥታ አብራት ሳቀች። መጋረጃውን በያጁ ራሱ ሲያጥብ ዋለ።

ሁለተኛው ቱቦ ማጣሪያ ተገጥሞለት ከጣራው በላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። የዚያን ቀን ቆጣሪዋ መሣሪያውን በባሏ አፍንጫ ልክ ይዛ ቆመች፤ ልብስ ሰፊዋም ቁጥሩን ለማየት አንገቷን አሰገገች። በያጁ በየደ፣ በየደ፣ የሚበይድበት ኤሌክትሮድ አለቀ። ቁጥሩ ግን እንደ ልማዱ አልዘለለም፤ ጥቂት ከፍ አለና እዚያው ረጋ። በያጁ የቆዳ ሽርጡን አውልቆ ወረወረና ሚስቱን ወገቧን ይዞ አዞራት። ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች። «መሣሪያው! መሣሪያው እንዳይወድቅ!» እያለች ትጮሃለች ቆጣሪዋ፣ እየሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሰውየው አላስቀምጥ አላት። ሽንኩርት ስትጠብስ መጥቶ መስኮት ይከፍታል፣ ሻማ ስታበራ ያጠፋባታል። ወሬው ሲዛመት ጋራዡም ዳቦ ቤቱም እንደዚያው ሥራልን እያሉ መጡ። አለቃዋም ነገሩ ደስ ስላለው መሣሪያውን በየእረፍት ቀኑ ፈቀደላት፤ ባልና ሚስት እሷ መሣሪያዋን፣ እሱ ሜትሩን ይዘው አብረው ይወጣሉ።

ባለፈው ዳቦ ቤት ሲገቡ ባለቤቱ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየና «ባለሙያው ማናችሁ?» አለ።

«እሷ ትቆጥራለች» አለ በያጁ፣ «እኔ እቀንሳለሁ።»

ሥራው ሲያልቅ ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። እጃቸውን እያቃጠላቸው፣ እየተሻሙ፣ እየቆረሱ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።