አያ ውብነህ የፈሯት አህያ

ልጅ ሳለሁ አያቴን እንቃቸው ነበር። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ማፈር የነበረብኝ ሌላ ቀን ነው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። አያ ውብነህ ይባላሉ። ከቆላዪቱ የሽንፋ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው የሰሊጥ እርሻቸው ላይ ሰማንያ እስኪሞላቸው ድረስ ማጭድ አልጣሉም። ከጎረምሳ ቀድመው ጎንበስ ብለው፣ ከጎረምሳ በኋላ ቀና የሚሉ ሰው ነበሩ። የናቅኋቸው በሥራቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው። የሌላ ሰው አያት ሲያወራ ወይ ገድሎ ነው ወይ ማርኮ ነው፤ የኔው ጉድ ግን ሁልጊዜ ወድቀው፣ ሮጠው፣ ተደብቀው ነው።

ያኔ እናቴ በአጨዳ ወራት ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል ስለነበር እኔም ከእርሻው ካምፕ አልጠፋም። ፀሐይዋ ጠልቃ የቀኑ ሙቀት ገና ከመሬቱ ሳይወጣ፣ ሳሉጎቹ፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እንዲህ ነው የምንላቸው፣ እጃቸው በሰሊጥ ጠቁሮ፣ ወገባቸውን ይዘው ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ፣ ሥር ይሰበሰባሉ። እናቴ ለትንኙ ብላ የኒም ቅጠል ፍሙ ላይ ትጥላለች፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለዋል፣ ኩራዟ ጥላሸቷን ትተፋለች። አያቴ የተገለበጠ በርሜል ላይ ጉብ ይሉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያን ጊዜ እኔ የሚመጣውን ስለማውቅ አንገቴን እደፋለሁ።

«ያን ዓመት ለሰሊጡ ክምር ዘብ ነበርሁ» ብለው ይጀምራሉ። «ጨለም ሲል ከክምሩ ወዲያ ኮሽ አለ። አንበሳ! አልሁ። ጠመንጃዬን ወርውሬ ግራር ላይ ወጣሁ። እሾሁን ማን አይቶት! ለማውቀውም ለማላውቀውም ታቦት ስሳል አደርሁ። ሲነጋ ቁልቁል ባይ፣ የኢድሪስ አህያ ጠመንጃዬን ታሸትታለች።»

ከዚያ ተነሥተው አህያዋን ይሆናሉ። ሁለት እጃቸውን ጆሮ አድርገው፣ አንገታቸውን አስግገው ሲያናፉ ራኩባው በሳቅ ይናጋል። ሐጂ ኢድሪስ፣ የሽንፋው ባለሱቅና የአህያዋ ባለቤት፣ ለሰሊጥ ጉዳይ መጥተው ካሉ ደግሞ ዝም አይሉም፦ «ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ኮርታ ጭነት እንቢ አለችኝ!» ይላሉ። ሳቁ እንደገና ይነሣል። እኔ ብቻ አልስቅም።

አንድ ማታ አላስችል ቢለኝ፣ «አባባ፣ አንበሳ ነበር ቢሉስ? ማን ያውቅብዎታል?» አልኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝና፣ «አንበሳ የገደለማ ሞልቷል ልጄ» አሉኝ። «አህያ ፈርቶ ግራር ላይ ያደረ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ታሪክ በአንበሳ ልለውጥ?»

አይ ሽማግሌ፣ እፍረት የሚባል አልፈጠረባቸውም ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

በዚያው ማታ ከፍሙ ወዲያ ከወሎ የመጣ አንድ ጺማም ጎልማሳ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ቀን ነው የደረሰው። ስለ ቆላ እባብና ስለ ወባ የነገሩት ልቡን አፍስሶት እግሩን መሬት ማስነካት ፈርቶ፣ ከዕቃ ሣጥን ላይ ተኮራምቶ ነበር። ሲነጋ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ለእናቴ ነግሯት ነበር። አያቴ ሲያናፉ ግን እንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ ሳያውቀውም እግሩን አወረደ። በማግሥቱ ከአጨዳው መስመር ፊተኛው እሱ ነበር። እኔም ምኑንም ሳላይ፣ ፈሪና ፈሪ ተገናኙ ብዬ ሁለቱንም ናቅኋቸው።

የሽማግሌው ጨዋታ ሁሉ እንዲያ ነበር። ሠራተኞቹ መሰዳደብ ሲያበዙ፣ «ሰሊጥ ስድብ ከሰማ ከነፍሬው ይረግፋል» ብለው በከባድ ፊት ነገሯቸው። እነዚያ ሁሉ ግዙፋን ቀኑን ሙሉ እየተንሾካሾኩ አጨዱ። አያቴ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጎንበስ እንዳሉ ዋሉ፤ ሥራውም ከወትሮው ቀድሞ አለቀ።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ። አጎቴ ደሳለኝ የአያቴ የበኩር ልጅ ነው፤ ከተማ ውስጥ ወንበር ያለው ሰው። ወደ ካምፑ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ዕለትም ዝንብ እንዳይነካው የመኪናውን መስታወት ዘግቶ፣ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ አባቱን በመስታወት አናግሮ ተመለሰ። ማጭድ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ቢጠይቁት ደብዳቤ ጻፉልኝ የሚል ሰው ነው። አያቴ ግን የመኪናውን አቧራ እያዩ፣ «ምስኪን፣ ሲሞቀው አየሁት» ብለው አዘኑለት።

አያቴ ወደ ዘጠና ተጠግተው ሲያርፉ፣ ዘመዶቼ አስተማሪ ነሽ ብለው በለቅሶው የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ሰጡኝ። በዚያን ጊዜ ልቤ ወደ እሳቸው ተመልሶ ነበር፤ የቆላ አስተማሪነት ብዙ ነገር ያስተምራል። ግራሩን፣ ጠመንጃውን፣ አህያዋን፣ የወሎውን ሰው ጻፍሁ። አጎቴ አነበበውና ቀይ እስክርቢቶ አወጣ።

«አህያ? በሀዘን ቦታ አህያ?» አለኝ። «ትልልቅ ሰው ይመጣል እኮ! የማን ልጅ ነው ሊሉኝ ነው?»

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንዲያ የሚያወሩት።»

«እሳቸው አርፈዋል» አለና ሰረዘው። በላዩም «አንበሳ ገዳይ፣ ፍርሃት የማያውቁ» ብሎ ጻፈ። አሳዳሪ፣ አስታራቂ፣ ቆፍጣና፤ ሳቅ የሚባል አንድም አልተወላቸውም። ሳየው ሰውዬው ከሬሳ ሳጥኑ ይልቅ በወረቀቱ ውስጥ ነው የተቀበሩት።

አላነብም ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ፣ ያን ሁሉ ውሸት በክፍል በለመድሁት ድምፅ ጥርት አድርጌ አነበብሁት። ትልልቆቹ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድም ሰው አላለቀሰም። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት የድሮ ሠራተኞች የሌላ ሰው ድንኳን የገቡ ይመስል እርስ በርስ ተያዩ። እኔ አጎቴን ስንቀው ቆይቼ፣ ያን ቀን የሱን ቃል በኔ አፍ ተናገርሁለት።

ሰው መሄድ ሲጀምር ሐጂ ኢድሪስ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጄን ፈልገው ያዙት።

«አነባበብሽ ግሩም ነው ልጄ» አሉኝ። «አህያዬስ? አህያዬን ምን አደረግሻት?»

በሌላ እጄ ወረቀቱን ከነጠላዬ ሥር ሸሸግሁ። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም፤ እጄን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ወረቀቱ ዛሬ በመስታወት ገብቶ አጎቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ለእንቁጣጣሽ ሄዳ አንብባው መጣች፤ ለጓደኞቿም ሁሉ ስለ አንበሳ ገዳዩ ቅድመ አያቷ ነገረች። መብራት በጠፋ ማታ፣ ከከሰሉ አጠገብ አስቀምጬ እውነተኛውን ጀመርሁላት። ግራሩ ላይ እንደ ወጡ ነገርኋት፣ እጄን ጆሮ አድርጌም አናፋሁላት።

«ውሸት!» አለች። «አንበሳ ነው። ተጽፏል እኮ። ደግሞ በለቅሶው ላይ ያነበብሽው አንቺ ነሽ፣ አጎትሽ ነግረውኛል።»

ከአያቴ ምን ቀረሽ ብትሉኝ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት አህያ ናት፤ እሷንም የሚቀበለኝ አላገኘሁም። እኔ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አሁንም እጀምራለሁ። ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ መቼ በጨረሰች እያለች ከሥር ታየኛለች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የኔው ነው። አባባ ያን አስተያየቴን እያዩ እንዴት እንዲያ ሊያናፉ እንደቻሉ ግን አሁንም አልገባኝም፤ እኔ መሐል ላይ ጆሮ ያደረግሁትን እጄን አወርዳለሁ።