«ደህና ነኝ» ማለትን የተውሁባቸው ስድስት ወራት

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሳሉ የጀመረኝ በሰኔ ነው፤ የደብረ ታቦር ብርድ አጥንት ድረስ በሚገባበት ጊዜ ስለሆነ ብርድ ነው አልሁ። ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ፣ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ። በሐምሌ ሌሊት ሌሊት ያልበኝ ጀመር፤ ቀሚሴም ሰፋኝ። ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነበር፦ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» እኛ አገር ይህ ሰላምታ ነው እንጂ ውሸት አይባልም።

በነሐሴ አክታዬ ላይ ደም አየሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። አክታዬ ተመረመረ። ቲቢ ነው አሉኝ፤ የሳንባ ነቀርሳ።

«ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» አለችኝ ነርሷ።

«ብቻዬን ነኝ።»

ዋሸሁ። ታናሽ እኅቴና የሁለት ዓመት ልጇ ከኔ ጋር በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ልጁ የሚተኛው እኔ ብብት ሥር ነው። እኅቴ ከሰማች ይዛው ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ።

መድኃኒቱ ስድስት ወር፣ በየቀኑ ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ አትደንግጡ። ነርሷ በየጠዋቱ ፊቷ ታስውጠኛለች። «ዛሬ ደርበሽ ነገ መዝለል የለም። በሽታው የሚሸነፈው በየዕለቱ ነው» ትለኛለች። ውሸቱንም የለመድሁት እንዲሁ በየዕለቱ ነበርና፣ እውነትን እንደ ክኒን በቀን አንድ ልጀምር አልሁ።

ከትንሹ ጀመርሁ። ጎረቤቴ እማማ ትርንጎ ሽሮ አምጥተው «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጨው በዝቶበታል፣ እማማ።»

«እሰይ! ሽሮዬን ለመንቀፍ ኖሯል የታመምሽው!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ «ተሻለሽ?» ላለኝ ሁሉ «አልተሻለኝም» አልሁ። አፌ ወደ ለመደው እየሄደ አስቸገረኝ። በአምስተኛው ቀን ነርሷ ፊት ቆምሁ።

«ሕፃን አለ። ዋሽቼሽ ነበር።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ዛሬውኑ ይምጣ።»

ለእኅቴ ነገርኋት።

«እታለም፣ ልጄን እያቀፍሽ?» አለች።

ልጁ ተመረመረ። አልያዘውም። መከላከያ መድኃኒት ተሰጠው። እኅቴ በማግስቱ ይዛው ሐሙሲት፣ አማቷ ዘንድ ሄደች።

ክፍሉ ሰፋብኝ። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ አታነሣም። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ወደ ሰው አታስተላልፊም» ካለኝ በኋላም ብዙዎች ሰላም የሚሉኝ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ነበር። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ደጄ ላይ እየሞቅሁ፣ «እንዴት ዋልሽ?» ላለኝ «ሰው ናፍቆኛል» ብዬ መመለስ ለመድሁ፤ አንዳንዱ ደንግጦ ያልፋል፣ አንዳንዱ ግን ቆም ብሎ የራሱን ሕመም ያጫውተኛል፣ እኔም እህል እየቀመስሁ፣ ቀሚሴም መልሶ እየጠበበኝ፣ እውነት መናገሩ ሳልታገል የሚመጣበት ቀን እየበዛ ሄደ።

ፈጣሪ ይመስገን፤ ያቺን ነርስና እማማ ትርንጎንም ያክብርልኝ። እናንተ አሁን የምታስሉ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ብርድ ነው አትበሉ፤ ተመርመሩ። ቢሻላችሁም ክኒኑን አታቋርጡ። ቤታችሁ ያለውን ሰው አትደብቁ። እውነቱ ከከበዳችሁ በጨው ጀምሩ፤ ግን እንደኔ አምስት ቀን አትቆዩ።

በየካቲት ከበሽታው ነጻ ነሽ ተባልሁ። በዚያው ሳምንት እኅቴ በሚኒባስ መጣች። ይቅርታ አልተባባልንም። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ «እታለም፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች።