የአጎቴ የጋይንት እጅ

አጎቴ ማሲንቆ ሲጫወቱ ደስ ይላሉ፤ ስለ ማሲንቆ ማውራት ሲጀምሩ ግን ሰው ከቤት ያስወጣሉ። ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እኔ ሰው ቤት እሠራለሁ፤ እሳቸው ግንባታ ይጠብቃሉ። ከጋይንት የወጡት ገና በጎረምሳነታቸው ነው። ደሴ ላይ ከአንድ ወሎዬ አዝማሪ ጋር ዓመታት ተጫውተዋል፤ ድሬዳዋም ኖረዋል። ቢጠየቁ ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «የእኔ እጅ የአባቴ እጅ ነው። ከጋይንት ሌላ አንድ ጣት አልተጨመረበትም።»

አንዲት የወሎ ልጅ፣ ጎረቤታችን፣ ልታገባ ስትል እንዲጫወቱላት ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ክሩ መበጠሱ ነበር። ክሩ የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው፤ ሐርጌሳ ላይ ደግሞ የውሃ ጋሪ የሚጎትት አህያ እንጂ ፈረስ ከየት ይመጣል? «የአህያውን ብንሞክረውስ?» ብላቸው አኩርፈውኝ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከጅጅጋ በሚመላለስ ሾፌር የፈረስ ጭራ አስመጣሁ።

የሠርጉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞልቷል። የሙሽራዋ አክስት ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ አምባሰል ይጫወቱልን» አለቻቸው።

«አምባሰል? እሱ ልቅሶ ነው እንጂ ዘፈን ነው? እኛ አገር ደጋን ይቆርጣል፤ አይጎተትም።»

ይህን ያሉት በወሎዬዎች ሠርግ፣ በወሎዬዎች ፊት ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ጋሼ፣ በፈጠረዎት» አልኳቸው በጆሯቸው። ፊታቸውን አጨፍግገው ደጋኑን አነሱ።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጀምሩ ያንኑ የናቁትን አምባሰል አወረዱት። ደጋኑ ተጎተተ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ረዘመ፤ አክስቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሶማሌ ሽማግሌ ኡዳቸውን፣ ያንን ሆደ ትልቅ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ፣ ይዘው ብቅ አሉ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። አጠገባቸው ተቀምጠው ቃኙና ተከተሏቸው። የሰፈሩ ሶማሌ ሴቶች በራሳቸው ምት ማጨብጨብ ሲጀምሩ የአጎቴ ደጋን አብሮ ሄደ። እንዲያ ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም።

ሲጨርሱ ሽማግሌው፣ «ማሻአላህ! መጨረሻ ላይ ያመጣሃት ዜማ የእኛ ናት። ከየት ተማርካት?» አሏቸው።

«የጋይንት ናት።»

«ወላሂ የእኛ ናት! እናቴ ወተት ስትንጥ የምታዜማት ናት።»

«እናትህ ጋይንት ሄደው ነበር እንዴ?»

ሽማግሌው ኡዳቸውን አቅፈው ወጡ። እኔ እየሮጥኩ እስከ በራቸው ይቅርታ ስጠይቅ፣ አጎቴ የሠርጉን ወጥ ይበሉ ነበር።

በማግስቱ በስልኬ የቀዳሁትን ከፈትኩላቸው። «ይስሙት እስቲ፤ ይሄ መጎተት የማን ነው? ይሄስ ምት?»

አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ሰውየው ጎበዝ ነው» አሉኝ፣ «ግን ጋይንቴ አይደለም።»

ይቀልዱብኝ ይሆን ወይስ ከልባቸው፣ እስካሁን አልገባኝም።

የሚታረቁም አልመሰለኝም ነበር። ሽማግሌው ግን በቀጣዩ ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ በራችንን አንኳኩ። «ያቺን የእናቴን ዜማ አምጣት» አሏቸው። «የአባቴን ማለትህ ነው» አሉ አጎቴ፣ ማሲንቆውን ከግድግዳው እያወረዱ። አሁን ዓርብ በመጣ ቁጥር ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ሻይ አፍዪ ይሉኛል። እኔ የማርፈው ደግሞ ዓርብ ብቻ ነው።