ንፋስ የገባበት ቤት

ቡራዩ ስንገባ የተከራየነው ክፍል ከአንድ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ጀርባ ነበር። ባለቤቴ እዚያው ቁም ሣጥንና የኪችን ካቢኔት ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ለእሱና ለባልደረቦቹ ምሳ አበስላለሁ። ከደቡብ ሻንጣ ብቻ ይዘን ለመጣን ሁለት ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ማገዶ አንገዛም። ሰጋቱራው በነጻ ነው፤ እንዲያውም ጥረጉልን እያሉ ይለምኑናል።

የሰጋቱራ ምድጃ ለማያውቅ ልንገረው። ትልቅ ቆርቆሮ መሀል ጠርሙስ ይቆማል፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ በእጅ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ቀስ ተብሎ ይነቀላል። በቀረው ቀዳዳ ከታች እሳት ሲለኮስ፣ ሽሮው ተሠርቶ ጎመኑ እስኪበስል ሳይነካ ይነዳል። የጥድና የባሕር ዛፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የኛ ግን አብዛኛው ከኤምዲኤፍና ከቺፑድ ጣውላ የወጣ፣ ሙጫና ቀለም የነካው ዱቄት ስለሆነ ጭሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል። አርግዤ ነበርና፣ ሳስል የወርክሾፑ ልጆች እርጉዝ ስለሆነች ሽታ ጠልታ ነው ይሉኛል። እርጉዝ ምን የማትጠላው አለ? እውነትም የባለቤቴን ካልሲ ማየት አቅቶኝ ስለነበር አመንኳቸው።

የግቢው ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። የእርሻ መሬታቸው ከተማ ሆኖ ሲያልቅ የቀራቸው ይህ ግቢና አንዲት ላም ነው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ኢንታላ ኮ ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው በማርያም ሲምሉ እኔ ጌታ ይመስገን ስል፣ በሃይማኖት ስንተራረብ እንውላለን። በንፋስ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። በወጣትነታቸው ሁለት ሕፃናት ቀብረዋል፤ ሁለቱም ትንንሽ ሆነው ተወልደው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ አርባ ቀን ሳይሞላቸው ሄዱ። ንፋስ ወሰደብኝ ይላሉ፣ የሚያውቁትን ሌባ በስሙ እንደሚጠራ ሰው።

ስለዚህ ክረምቱ ሲገባና ሆዴ ሲገፋ ምድጃዬን ከበረንዳ ወደ ቤት አስገቡት። በጣሪያውና በግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቀው ዘጉ፤ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈኑት። ጭሱ ሲበዛብኝ ዐይኔን እያሻሸሁ ብወጣ ተቆጥተው ይመልሱኛል። እንደሳቸው የሳሳልኝ ሰው አልነበረም። ከእናቴ ርቄ የእናት እጅ ያገኘሁት እዚያ ግቢ ነው፤ ይህን ሳልናገር የቀረውን ባወራ ግፍ ይሆንብኛል።

ልጄ ከቀኗ ቀድማ መጣች። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከን። ስትወለድ ድምጿ የድመት ልጅ ድምፅ ነበር፤ ክብደቷ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላም። በተነፈሰች ቁጥር በጎድን አጥንቶቿ መሀል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በአፍንጫዋ ኦክስጅን ተደርጎላት ማሞቂያ ክፍል ስትተኛ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ መጸለይ አቃተኝ። ከእሷ እኩል እተነፍስ ነበር፤ እሷ ስታቆም እኔም አቆማለሁ። ትሞትብኛለች ብዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አንዲት ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ቤታችን ጠየቀችኝ። ሲጋራ የሚያጨስ አለ ወይ ስትለኝ፣ ኧረ ጴንጤዎች ነን አልኳት፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ። በምን ታበስያለሽ ስትለኝ ግን ስለ ሰጋቱራው ነገርኳት። ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ እናት የሳበችው ጭስ በደሟ አልፎ ፅንሱ ድረስ ይደርሳል፣ ለእሱ የሚደርሰውን አየር ይሻማዋል፣ ልጁም ያለ ቀኑ ወይም ክብደቱ አንሶ፣ ሳንባው ሳይጠነክር ሊወለድ ይችላል። ይህችን ልጅ በእርግጠኝነት ይሄ ነው የጎዳት ልልሽ አልችልም፣ ብዙ ምክንያት አለ አለችኝ። ኦክስጅኑ ተነስቶላት ከሆስፒታል ስንወጣ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ጭስ ያለበት ቤት ይዘሻት እንዳትገቢ፤ ሳንባዋ አይችለውም» አለች።

ቤት የደረስን ቀን እማማ እልል ብለው ተቀበሉን። ውስጥ ስገባ ደነገጥኩ። መስኮቱ ላይ ሌላ ማዳበሪያ ተደርቧል፤ አልጋው ግርጌ ከሰል ተቀጣጥሏል፤ ሰጋቱራው ምድጃ ላይ የገንፎ ውሃ ይንተከተካል። ቤቱን ሲያሞቁልን ነው የዋሉት። ልጄ አንዴ ሳለች፤ ሁለተኛውን አልጠበቅኩም። እንዳቀፍኳት ተመልሼ ወጣሁና በረንዳው ላይ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

አራስ ደጅ ተቀመጠች ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአራስ መቃብር አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል ይባላል። እማማ ጋቢያቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡ። ባለቤቴ እኔንም እሳቸውንም አይቶ አንገቱን ደፋ፤ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር እንደሌለ ገባኝ።

«ግቢ ወደ ውስጥ፣ ኢንታላ ኮ፤ ንፋስ ይወስዳታል» አሉኝ።

«እማማ፣ የምፈራው ንፋሱን አይደለም፤ ጭሱን ነው። ከሰሉና ምድጃው ካልወጡ አልገባም።»

እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው የልጄን ደረት አዩ፤ እንዴት እንደሚነሳ፣ ቆዳዋ አሁንም በትንሹ እንዴት እንደሚሰረጉድ። ብዙ ቆዩ። ያን አተነፋፈስ ያውቁታል። ከዚያ ከሰሉንም ምድጃውንም ራሳቸው ተሸክመው አወጡ፤ ማዳበሪያውን ገነጣጥለው ጣሉ፤ በመጥረጊያ እንጨት የጣሪያውን ጨርቅ እየወጉ አወረዱት።

ለወርክሾፑ ምሳ ማብሰሉን ተውኩት። የኛን በኤሌክትሪክ እንሠራለን፤ መብራት ሲጠፋ እማማ ግቢው ጥግ ላይ ያበስሉልናል። መስኮቱን የምከፍተው ጠዋት፣ መጋዙ ሳይነሳ ነው። ከተነሳ በኋላ ዱቄቱና የቫርኒሹ ሽታ ከወርክሾፑ፣ የመኪናው ጭስ ደግሞ ከአምቦ መንገድ ይመጣል። ንጹሕ አየር ይግባላት ማለት ቀላል ነው፤ ቡራዩ ላይ እሱንም ሰዓት ጠብቀን ነው የምናገኘው።

ልጄ ጡት በደንብ መጥባት፣ ትንፋሿም መርጋት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት እማማ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ተቀመጡ። ከሆስፒታል ከመጣን ጀምሮ በርጩማቸው እዚያ ነው፤ በሩ ቢከፈት እንኳ ንፋሱን በጀርባቸው ሊከልሉልን። ነርሷ ያለችውን እስቲ እንደገና ንገሪኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። በእርግዝና ጊዜም ነው ወይ አሉ። አዎ አልኩ። የኩበት ጭስም ያው ነው ወይ ሲሉኝ ዐይናቸውን ማየት ፈራሁ። ጭስ ጭስ ነው እማማ አልኳቸው። ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ በአማታቸው ጎጆ፣ መስኮት በሌለው ቤት፣ ሁለቱንም እርግዝና ኩበት እፍ ሲሉ ነው ያሳለፉት። ንፋስ እንዳይመታቸው በሩን ዘግተው።

«ኢጆሌ ኮስ?» አሉ። የኔ ልጆችስ ማለታቸው ነው።

ነርሷ ለእኔ ያለችውን አልኳቸው፤ በእርግጠኝነት አይታወቅም፣ ብዙ ምክንያት አለ። እውነት ነው፤ እኔንም አላጽናናኝም። ራሳቸውን ነቀነቁና ተነስተው በርጩማቸውን ከበሩ ፈቀቅ አደረጉ። የጠዋቱ አየር ገባ። ልጄን አንዴ አስነጠሳት። የእማማ እጅ ወደ በሩ ሄደ፤ ከዚያ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።