የያዮ ልጅ እናት

ዘነበች ከወሎ ወደ አሰብ የመጣችው ባሏን ውድነህን ተከትላ ነው። እሱ በነዳጅ ማጣሪያው በያጅ ነበር። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ሦስተኛ ልጇንም እንደ ፊተኞቹ ሁለቱ ሳይተነፍስ ወለደችው።

ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለም፤ ለቅሶ የሚቀመጥም የለም። ውድነህ በጨርቅ የተጠቀለለውን ይዞ ወጣ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጎረቤቷ እትዬ እቴናት ሆስፒታል ድረስ መጥተው፣ ወተቱ እንዲደርቅ ጡቷን በነጠላ ጥፍር አድርገው አሰሩላት።

«ሌላ ይሰጥሻል» አሉና ስለ ዓሣ መወደድ ማውራት ጀመሩ።

በማግስቱ አንዲት የአፋር ሴት ከበይሉል በጀልባ ተጭና መጣች። ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ደሟ ግን አልቆም ብሎ ሞተች።

አዋላጇ ሲስተር ፋናዬ ልጅ እንደተወለደ ሳይታጠብ እናቱ ደረት ላይ ነው የምታስተኛው። እንገሩን፣ የመጀመሪያውን ወተት፣ አልበው መሬት ሊደፉ የሚመጡ አሮጊቶችን ትቆጣለች፤ ለሕፃኑ ቅቤ ሊያስውጡ የመጡትንም ከነቅቤያቸው ትመልሳለች። ጡጦ ክፍሏ አይገባም። የአሰብ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ የዱቄት ወተት በዚያ ውሃ ተበጥብጦላቸው ተቅማጥ የፈጃቸውን ሕፃናት በእጇ ገንዛለች። አሁን ግን እናት የሌለው ልጅ ታቅፋ ዘነበች አልጋ ዘንድ ቆመች።

«ዘነበች፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።»

ዘነበች ገባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሲስተር፣ እኔ ሰው አይደለሁም? የኔ ገና ትናንት አፈር ገባ።»

«ደግሞ የእስላም ልጅ!» አሉ እትዬ እቴናት። «የነፍስ አባቷ ቢሰሙስ?»

«እንግዲያው እርስዎ ያጥቡት፣ እማማ» አለቻቸው ሲስተር ፋናዬ።

«እኔማ ከደረቅሁ ስንት ዘመኔ!»

ከወዲያኛው አልጋ አንዲት አራስ ሳቀችና አፏን ያዘች።

ልጁ አለቀሰ። ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ነበር። ዘነበች ጆሮዋን በትራስ ደፈነች፤ ጡቷ ግን ሰማ። የታሰረችበት ነጠላ ራሰ፤ ወተቱ እስከ ሆዷ ወረደ። ተነስታ ተቀመጠች።

«ፍቱልኝ» አለች።

ልጁ ጡቷን መያዝ አቃተው። ሲስተር ፋናዬ አገጩን ዝቅ አድርጋ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ጥቁሩን ጭምር አጎረሰችው። መዋጥ ሲጀምር ዘነበች ጮኻ አለቀሰች። ከወለደች ወዲህ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አባቱ ያዮ ሚስቱን ቀብሮ መጣ።

«ጠባ?» ብሎ ጠየቃት።

«ጠባ።»

«ጠግቦ?»

«ጠግቦ፣ ደጋግሞ።»

«በእኛ ሕግ እናቱ ሆነሻል። የአንቺን ልጅ ማግባት አይችልም፤ እህቱ ናት። ሴት ልጅ አለሽ?»

«ልጅ የለኝም።»

ያዮ መሬት መሬት አየ። «አሁን አለሽ» አለ። ስሙን ሐመዱ አለው።

ሲስተር ፋናዬ ሁለቱንም ክፍሏ ውስጥ አቆየቻቸው፤ ልጁ ሲጠነክር ዘነበች ቤቷ ወሰደችው። ውድነህ መጀመሪያ አልቀረበውም። ቆይቶ ግን ከሥራ ሲገባ ገና ቦት ጫማውን ሳያወልቅ «ጠባ?» ማለት ጀመረ።

ሐመዱ መቀመጥ ሳይጀምር ያዮ መጣ። ቤተሰቡ ግጦሽ ፍለጋ ወደ ደባይሲማ ሊሄድ ነው፤ የልጁ አያትም የልጅ ልጄን አምጡልኝ ብለዋል።

«የፍየል ወተት ለዚህ ልጅ ገና ነው» አለችው ሲስተር ፋናዬ። «መንገድ ላይ ይሞትብሃል።»

«እናቴን እምቢ አልልም። ዘነበችም አብራን ትምጣ፤ ቤት እንሠራላታለን።»

ውድነህ «ሂጂ» አላት። ነገር ግን ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ዘነበች ቀበሌ ሄደች።

«እዚያ ማን አለሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ልጄ።»

«የአንቺ ልጅ ሞቶ እንደተወለደ ሠፈሩ ያውቃል።»

«የጡት ልጄ ነው።»

«ሰማችሁ ጓዶች? ጓዲት ዘነበች ግመል ጠባቂ ልትሆን ነው!» ቢሮው በሳቅ ሞላ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ መንገዱ ወንበዴ አለበት ብሎ ከለከላት።

ልጁን ለያዮ ስታስረክበው አጥብታው ነበር። እስከ መንገዱ ጫፍ ሲያለቅስ ተሰማት፤ ቀሚሷም ራሰ።

«እንዳይደርቅብሽ» አለቻት ሲስተር ፋናዬ። «ልጁ ከግጦሹ ሲመለስ ያስፈልገዋል።» በእጇ እንዴት እንደምታልብ አሳየቻት። ዘነበች ጠዋትና ማታ ሆስፒታል እየሄደች በንጹሕ ብርጭቆ አለበች። ሲስተር ፋናዬም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን፣ መጥባት የማይችሉትን፣ በማንኪያ ታጠጣቸው ነበር። እትዬ እቴናት «ላም ሆንሽ እኮ» ሲሏት ዘነበች ወደ ሆስፒታሉ መንገዷን ትቀጥላለች። ወተቱ እስካለ ድረስ ልጁም ያለ ይመስላት ነበር።

ያዮ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ የመጣ ዕለት ልጁን አልያዘም። ዘነበች ደጃፏ ላይ ቆማ እጁን አየች።

«ተቅማጥ ነው» አላት። «ውሃ አጥተን ነበር።»

ሦስቱም ጫማቸውን አውልቀው ደጃፏ ላይ መሬት ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ በአፋርኛ የሚናገረውን ያዮ ተረጎመላት።

«በእናቱ ቤት ሳይቀመጡ ለቅሶ አይሆንም ይላል።»

እትዬ እቴናት ከጎረቤት ብቅ አሉ። «ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ለቅሶ ሊደርሱኝ ነው» አለች ዘነበች።

«የማን ለቅሶ?»

«የልጄ።»

እትዬ እቴናት ሦስቱን ወንዶች አዩ፣ የዘነበችን የራሰ ቀሚስ አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ከሽማግሌዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።